«ትኩስ ጥድ ቤት ድረስ እናደርሳለን»፦ የገና ዛፍ በቴሌግራም ከማዘዛችሁ በፊት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ ነው። ጥያቄው እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ ከምትኖር እናት የመጣ ነው። ፈቃዷን ጠይቄ፣ ስሟን ትቼ አቀርበዋለሁ።

«ዶክተር እንደምን አሉ? ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ አስም አለበት። ዘንድሮ የገና ዛፍ ካልገዛሽልኝ ብሎ ሰቅዞ ይዞኛል። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ‹ትኩስ እውነተኛ የገና ጥድ፣ ከደጋ ተቆርጦ የመጣ፣ ቤት ድረስ እናደርሳለን› የሚል አየሁ። ፎቶው ያምራል። ግማሹን በቴሌብር ቀብድ ክፈይ ብለውኛል። ዛፉ ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን? ወይስ የፕላስቲኩን ልግዛ?»

አጭሩ መልስ፦ ሊጎዳው ይችላል። ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሽታው ከዛፉ ሽታ አይደለም የሚመጣው። ወሳኙ ዛፉ ከተቆረጠ ስንት ቀን ሆነው፣ ቤት ውስጥ ስንት ቀን ይቆማል፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ምን ምን ይጨሳል የሚለው ነው። «ትኩስ» የሚለው ቃል ማስታወቂያው ላይ ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን ጥድ ከተቆረጠባት ደቂቃ ጀምሮ መድረቅ ይጀምራል። እንደ ወተት አስቡት፤ ትኩስነቱ በቀን ይቆጠራል።

ረዘም ያለውን መልስ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ አስም፣ አለርጂ ወይም ትንሽ ልጅ ካለ።

የኛ ጥድና የፈረንጆቹ ዛፍ

ኢንተርኔት ላይ ስለ ገና ዛፍና ጤና ብትፈልጉ የምታገኙት ምክር በአብዛኛው የተጻፈው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። እነሱ የሚገዙት ረጅም መርፌ የመሰለ ቅጠል ያላቸውን ዛፎች ነው። የእነዚያ ዛፎች የአበባ ብናኝ ትልልቅና ከባድ ስለሆነ አለርጂ የሚያስነሳው ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፎቹ «ብናኙ አያሳስባችሁ» ይላሉ።

የኛ አገር የገና ዛፍ ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ለበዓል የሚሸጠው ወይ የሐበሻ ጥድ ነው፣ ወይ የፈረንጅ ጥድ። የሐበሻው አገር በቀል ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከወይራው ጋር ቆሞ የምናየው፣ እንጨቱ ምስጥ የማይደፍረው፣ እርሳስ የሚሠራበት እሱ ነው። የፈረንጁ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው፤ በየግቢው አጥር ሆኖ ተከርክሞ የምታዩት። ለመለየት ፍሬውን ተመልከቱ። የሐበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ ነው፤ የፈረንጁ ደግሞ ደረቅ፣ ክብና እንደ እንጨት የጠነከረ።

ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው፤ የዚህ ቤተሰብ የአበባ ብናኝ ደግሞ በዓለም ላይ ከታወቁት አለርጂ ቀስቃሾች አንዱ ነው። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ የሚበቅል አንድ የጥድ ዘመድ አለ፤ በየዓመቱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብናኙን ሲለቅ ሰዉ አፍንጫው ይዘጋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ትኩሳት የያዘው ይመስለዋል። ራሱን የቻለ ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ዛፍ ነው። ፍሬ ያንጠለጠለው ሴቱ ነው፤ ብናኝ የሚያወጣው ወንዱ ነው። እናም ቅርንጫፉን ስታራግፉት ከጫፎቹ ቢጫ ዱቄት ከበነነ፣ የአስም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ውስጥ አታስገቡት። በቃ።

ሻጋታ

እንደ ሐኪም ከብናኙ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሻጋታው ነው። የትኛውም ዛፍ ቅርፊቱና ቅጠሉ ላይ የሻጋታ ዘር ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ውጭ ነፋሱ ይጠርገዋል፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል፤ ማንንም አይጎዳም። ቆርጣችሁ፣ ውሃ አርከፍክፋችሁ፣ በተዘጋ ሞቅ ያለ ክፍል ስታቆሙት ግን ሻጋታው ይራባል። በዓይን አይታይም፤ ከአየሩ ጋር ይተነፈሳል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ሐኪሞች «የገና ዛፍ አለርጂ» ብለው በሕክምና መጽሔት ላይ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ቤት ውስጥ እውነተኛ የገና ዛፍ አቁመው አየሩን እየለኩ ተከታተሉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 800 ገደማ የሻጋታ ዘር ነበር። ከዚያ መውጣት ጀመረ። በ14ኛው ቀን 5,000 ደረሰ። ቁጥሩ የዚያ ቤት ነው፤ የኛን ክፍል ብንለካ ሌላ ቁጥር ይወጣል። አካሄዱን ግን ልብ በሉልኝ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙም ለውጥ የለም፤ እየቆየ ሲሄድ ያሻቅባል።

አሁን የኛን ካሌንደር አምጡ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ፈረንጆቹ የሚያከብሩት ታኅሣሥ 16 ነው። በመካከሉ 13 ቀን አለ። ለፈረንጆቹ ገና የተቆረጠ ዛፍ ሳይሸጥ ቀርቶ ለኛ ገና «ትኩስ ነው» ተብሎ ቢቀርብ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው ማለት ነው። እሺ ይሁን፣ ታኅሣሥ 20 የተቆረጠ ነው የገዛችሁት እንበል። ጎንደር ላይ ሆናችሁ ታኅሣሥ 30 ታወጡታላችሁ? አታወጡትም! ጥምቀት አለ። እንግዳ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከውጭ አገር ሳይቀር ይመጣል፤ «እንግዶቹ ይዩት» ተብሎ እስከ ጥር 11 ይቆያል። ይህ 21 ቀን ነው። ሰባት ስምንት እንግዳ ሳሎን ላይ ፍራሽ አንጥፎ የሚያድረው ዛፉ በጣም በደረቀበትና ሻጋታው በበዛበት ሳምንት ላይ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለሁሉም ቤት የምሰጠው ምክር፦ ታኅሣሥ 26 ወይም 27 አስገቡት፣ ጥር 5 ሳይሞላ አውጡት። አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ይበልጥ ይጠር፤ በዋዜማው ገብቶ ጥር 1 ወይም 2 ይውጣ፣ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይቁም። በረንዳ ያለው ሰው በረንዳው ላይ ቢያቆመው ከሁሉም ይሻላል። ልጁ በመስኮት ያየዋል፤ ጎረቤትም ያይላችኋል (እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግማሹ ደስታ እሱ አይደል?)።

ሲያዝዙ ምን መጠየቅ አለበት?

ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። ጥድ ከደረቀም በኋላ ለብዙ ቀን አረንጓዴ መስሎ ይታያል፤ ውሃ ከተረጨበት ደግሞ ያብረቀርቃል። ያቺን እናት «ቀብዱን ከመክፈልሽ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቂው» አልኳት። መቼ ተቆረጠ? የሐበሻ ነው የፈረንጅ? ዛሬ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ የግንዱን መቁረጫ ጭምር የሚያሳይ፣ ላክልኝ። አዲስ የተቆረጠ ግንድ ጫፉ እርጥብ ይመስላል፣ ሙጫው እጅ ላይ ይለጠፋል። የቆየው ጠቁሮ ይሰነጠቃል። የሻጩ መልስ ምን ሆነ መሰላችሁ? «እህቴ ሁሉም ትኩስ ነው» አላትና ከዚያ በኋላ መልእክቷን አይቶ ዝም። ቀብዱ ተረፈላት።

ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በደንብ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ከገዛ አጥራቸው ከርክመው የሚሸጡ፣ ሲጠየቁ ቪዲዮ የሚልኩ። እኔ የምለው ክፍያው ዛፉ በር ላይ ደርሶ፣ በእጃችሁ ከነካችሁት በኋላ ይሁን ነው።

በር ላይ ሲደርስ፣ ባጃጁ ሳይሄድ፣ ቅርንጫፉን በሁለት ጣት ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ትኩስ ከሆነ ቅጠሉ አብሮ አይመጣም፤ ጣታችሁ ላይ ሽታውና ትንሽ ሙጫ ብቻ ይቀራል። ቅጠሉ እጃችሁ ላይ ከተፈረፈረ የደረቀ ነው። ቀጭን ቅርንጫፍ እጠፉ፤ ትኩሱ ይታጠፋል፣ ደረቁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከዚያ ግንዱን አንስታችሁ መሬት ላይ መታ መታ አድርጉት። የተወሰነ ቡናማ ቅጠል ከውስጥ ቢወርድ ችግር የለም፤ አረንጓዴው ከረገፈ ግን መልሱት። የምድር ቤት ዓይነት የታፈነ ሽታ ከሸተታችሁም መልሱት፤ ሻጋታ ነው።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ ጓንት ወይም ፌስታል በእጃችሁ አድርጉ። ሙጫው አንዳንድ ሰው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። ሙጫው ከእጅ አልለቅ ካለ ዘይት ቀብታችሁ በሳሙና ታጠቡት፤ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ አትጠቀሙ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ከሕክምና ወጣ ልበልና። የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ወይም ከአጥር የተከረከመ የፈረንጅ ጥድ ስትገዙ ዛፉ ይተርፋል። ሙሉውን ለጋ የሐበሻ ጥድ ከነጫፉ ስትገዙ ግን ከወገራም ይምጣ ከደባርቅ አንድ ዛፍ አለቀ ማለት ነው። ለአሥር ቀን።

ውሃ ወይስ አፈር?

እኛ ጋ የተለመደው ጥዱን አፈር ወይም ድንጋይ በሞላ ባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተክሎ ማቆም ነው። ይቆማል፤ ግን በደረቅ አፈር ውስጥ የቆመ የተቆረጠ ዛፍ ይደርቃል። ሥር የለውማ! ውሃ የሚስበው በተቆረጠው ግንድ ፊት ብቻ ነው፤ ያ ፊት ደግሞ ከተቆረጠ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በሙጫ ይደፈናል። ከደጋ በመኪና ተጭኖ የመጣ ዛፍ ስትቀበሉት ደፍኖ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ቤት ሲደርስ ከታች 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር በመጋዝ ቀጥ አድርጋችሁ እንደገና ቁረጡትና ወዲያው ውሃ ውስጥ አስገቡት። በባልዲው ውስጥ በድንጋይ አስደግፉት፣ በድንጋዩ መሐል ውሃ ሙሉበት። ምን ያህል? በግንዱ ውፍረት ላይ በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ በቀን 1 ሊትር ገደማ። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በቀን 2 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። የውሃው ከፍታ ከተቆረጠው ፊት በታች አይውረድ። ስኳር፣ አስፕሪን፣ በረኪና ምናምን አትጨምሩ፤ ተራ ውሃ ይበቃዋል፣ ልጅም ከባልዲው ሊጠጣ ይችላል።

አውቃለሁ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዛፍ በቀን 2 ሊትር መስጠት ለብዙ ቤት ቀልድ ነው። ከዚህ በፊት አንዲት እናት ስነግራት «ዶክተር፣ እኛስ መቼ ጠጣን» ብላኛለች። ልክ ነች። ታዲያ ውሃ መስጠት ካልቻላችሁ እውነተኛ ዛፍ አታስገቡ። ውሃ ያላገኘ ጥድ ምን እንደሆነ አሁን ልንገራችሁ።

እሳቱ

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። የደረቀ የጥድ ቅጠል ምድጃ ላይ ጣል ስታደርጉት እንዴት እንደሚንጣጣ ታስታውሳላችሁ? ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። እሳት ማቀጣጠያ የምናደርገውን ነገር ነው ሳሎን ውስጥ አቁመን መብራት የምንጠቀልልበት።

የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ይህን በሙከራ አሳይቷል። በክፍል ውስጥ የቆመ የደረቀ የገና ዛፍ ላይ እሳት ሲለኮስ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ነበልባል ሆነ። ውሃ በደንብ ሲጠጣ የሰነበተውን ዛፍ ግን ማቀጣጠል ራሱ ከባድ ነው። አንድ ደቂቃ ማለት እናት ከማድ ቤት ሮጣ እስክትደርስ ማለት ነው።

የኛ አገር የገና ዛፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ጥጥ። በረዶ እንዲመስል ብለን ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ እንደረድራለን። እኔም በልጅነቴ እናቴ ከምትፈትለው እየሰረቅሁ ደርድሬያለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ሻማ ይዞ ሊያይ ተጠግቶ ጥጡን አያያዘውና ጋቢ ጥለንበት ነው ያጠፋነው። ዛፉ የዚያን ዕለት የመጣ ስለነበር ነው የተረፍነው። ጥጥ በአንድ ብልጭታ ይያዛል፤ እባካችሁ ተዉት። ከነጭ ወረቀት እየቆረጣችሁ ብታንጠለጥሉ እንኳ እሳት ከሌለበት ቦታ ላይ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ሻማና ጧፍ መለኮሳችን አይቀርም። ዛፉ አጠገብ ግን አይሆንም፤ ቢያንስ ከዛፉ በክንድ ሁለት ክንድ ሳይሆን ከክፍሉ በሌላው ጥግ ይሁን። የቡናው ከሰል ማንደጃም እንደዚያው። ብልጭልጭ መብራቱን የምትሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ምጣድና ካውያ አብራችሁ አትሰኩ፤ ስትተኙ ወይም ስትወጡ ከሶኬቱ ንቀሉት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ፣ ሲጠፋም ንቀሉት።

እንዲህም ሆኖ ሰው ከተቃጠለ፦ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዙ። ቧንቧው ውሃ ከሌለው ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት። ቀለበት፣ አምባር፣ ጠበብ ያለ ልብስ ሳያብጥ በፊት አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትላጡ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት አትቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ትንሽ ልጅ ከሆነ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትቅሩ።

የዛፉ ጌጥ ልጅ አፍ ሲገባ

ስለ ጌጡ ሁለት ነገር ብቻ። ፊኛ ዛፉ ላይ ስናስር ደስ ይላል፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ግን የሕፃን ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል። ፊኛ በፈነዳ ቁጥር ቁራጩን ወዲያው ልቀሙ።

ሁለተኛው ክብ ባትሪ ነው፤ የሰዓት ባትሪ የምንለው። በዘፋኝ ኮከቦች፣ በትንንሽ ብልጭልጮች፣ በሪሞት ውስጥ አለ። ልጅ ውጦት ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ሊያቃጥለው ይችላል። «በሰገራ ይወጣል» ብሎ መጠበቅ የለም። እንዲያስታውከው አታድርጉ፣ ምግብ አትስጡት። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነና የዋጠው ከ12 ሰዓት ወዲህ ከሆነ፣ መዋጥም የሚችል ከሆነ፣ በመንገድ ላይ ሳላችሁ ማር ሁለት የሻይ ማንኪያ በየ10 ደቂቃው ልትሰጡት ትችላላችሁ፤ ከ6 ጊዜ አይበልጥም። ማሩ ባትሪው የሚያደርሰውን ቃጠሎ ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ ማር ፍለጋ ብላችሁ እንዳትዘገዩ። ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ቀጥታ ሂዱ፣ ተራ ሳትጠብቁ «ባትሪ ውጧል» በሉ።

ወደ ልጁ አስም እንመለስ

በዓል ሰሞን ድንገተኛ ክፍል ስንሠራ የምናየው ልጅ ብዙውን ጊዜ ዛፉ ብቻውን አላመጣውም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። መስኮት ይዘጋል። ከሰል ይቀጣጠላል። ቡና ይቆላል። እጣን ይጨሳል። ቄጠማው መሬት ላይ ተጎዝጉዟል፤ ከሥሩ ደግሞ እርጥብ ነው፣ እሱም ይሻግታል። በዚህ ሁሉ ላይ ጥዱ ይጨመራል። የልጁ ሳንባ ለእያንዳንዱ ብቻውን ይታገሥ ይሆናል፤ አምስቱ በአንድ ሌሊት ሲመጡበት ግን እጅ ይሰጣል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ደግሞ አስም የሌለበትንም ሰው ይገድላል፤ ይህንን ሌላ ጊዜ ለብቻው ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ ለዚያች እናት ያልኳት ይህን ነው። ዛፉ ሳሎን ከገባ እጣኑ በረንዳ ላይ ይጨስ፣ ቡናው ደጅ ይፈላ። ሁለቱንም ሳሎን ካላደረግሁ ካልሽ ዛፉ ይቅር። ቄጠማውን ልጁ ከሚተኛበት ክፍል አታስገቢ፣ በማግሥቱ ጥረጊው። በየቀኑ የሚወስደው የመከላከያ ፓፍ ካለው «አሁን ደህና ነው» ብለሽ በበዓል ሰሞን አታቋርጪበት። የማስታገሻውን ፓፍ፣ ሳልቡታሞሉን፣ ዛሬውኑ አንስተሽ ፈትሺው፤ አልቆ ይሆናል። ታኅሣሥ 29 ሌሊት ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስፔሰር ከሌላችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ መሥራት ትችላላችሁ። ቀልድ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ ታትሟል፤ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር ያልተናነሰ ሠርቷል። ጠርሙሱን አጥባችሁ አድርቁት። ቂጡ ላይ ልክ የፓፉን አፍ የሚያህል ቀዳዳ ብጡ፤ በጋለ ሽቦ የሚሠራው አዋቂ ይሁን፣ የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ እስኪለቅ አናፍሱት፣ የተቆረጠ ፍርፋሪ ውስጡ እንዳይቀር እዩት። ፓፉን በቀዳዳው አስገቡ፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በከንፈሩ ግጥም አድርጎ ይያዝ። ፓፉን ነቅንቃችሁ አንድ ጊዜ ጫኑ፣ ልጁ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይተንፍስ። እንደገና ነቅንቁ፣ አንድ ጊዜ ጫኑ። በአንድ ጊዜ ደጋግሞ መጫን ግን መድኃኒቱን ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ መቀባት ነው።

ሐኪሙ የጻፈላችሁ መጠን ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ፣ እንዲህ አድርጋችሁ 4 ፓፍ ከሰጣችሁት በኋላ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ደግማችሁ ስጡትና ወደ ሆስፒታል ተነሡ። ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ መናገር ካቃተው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መሐል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ሲር ሲር ሲል ቆይቶ በድንገት ፀጥ ካለና ከደከመ 20 ደቂቃውን አትጠብቁ። ፓፉን እየሰጣችሁ ሂዱ። ፀጥታው መሻል ይመስላል፤ አየር መግባት ማቆሙ ሊሆን ይችላል።

የፕላስቲኩስ?

ብናኝ የለውም፣ በየቀኑ ውሃ አይጠይቅም፣ በየዓመቱ አይገዛም። አስም ላለበት ቤት ብዙ ጊዜ እሱን ነው የምመርጠው። ጉዱ ያለው ካርቶኑ ውስጥ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ከአልጋ ሥር ወይም ከቆጥ ላይ የከረመ አቧራ። ካርቶኑን ደጅ ክፈቱት፣ አራግፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና አድርቃችሁ አስገቡት፤ ልጁ በዚያ ሰዓት ጎረቤት ይጫወት። ነጭ በረዶ መሳይ የሚረጭ ነገር በቆርቆሮ ይሸጣል፤ እሱን አስም ባለበት ቤት አትርጩ።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ የጥድ ችግኝ። ከችግኝ ጣቢያ በጥቁር ላስቲክ ከነአፈሩ የሚገዛው። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፣ ግን ሕያው ነው፤ ሥር ስላለው በጥቂት ውሃ ይኖራል፣ ጌጥ ከሁለት ከሦስት በላይ አይሸከምም። በረንዳ ላይ ይሰንብት፤ ለበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ግባ ይባል፤ ከዚያ ተመልሶ ይውጣ፣ ክረምት ሲገባ ይተከል። ያቺ እናት በመጨረሻ ይህንን መረጠች። ልጁ መጀመሪያ «ይሄማ ሕፃን ነው» ብሎ አልቅሷል አሉ። አሁን ውሃ የሚያጠጣው እሱ ነው፤ አብዝቶበት እንዳያበሰብሰው ነው አሁን የምትፈራው።

እውነተኛውን ዛፍ የገዛችሁ ደግሞ ስታወጡት ተጠንቀቁ። የደረቀ ጥድ በሳሎን ጎትቶ ማውጣት ማለት የከረመውን ሻጋታና ብናኝ በሙሉ ቤት ላይ መርጨት ነው። መስኮቱን ክፈቱ፣ አስም ያለበት ሰው ከቤት ይውጣ፣ ዛፉን ባለበት በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላችሁ ተሸክማችሁ አውጡት። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። አንሶላውን ደጅ አራግፋችሁ እጠቡት። ዛፉን ደግሞ ማድ ቤት ወስዳችሁ ለማገዶ አትማግዱት፤ ያን ሰዓት የሚወጣው ጭስ ዓይን የሚያስጨፍን ነው፣ ነበልባሉም ድንገተኛ ነው። ግቢ ካላችሁ ጥግ ላይ ቆራርጣችሁ ተዉት፤ ዝናብ ሲመጣ ለአትክልቱ ሥር ጉዝጓዝ ይሆናል።